እስኪበቃው ድረስ፦ ወዳጆች በስልክ ስለሚለዋወጡት የምግብ አሠራር

(በፋኩልታው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል)



የንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ በኋላ «ስለ ወጥ ነው እንዴ የምትነግሪን?» ብለው በፈገግታ የጠየቁኝ ባልደረቦች አሉ። አዎን፣ ስለ ወጥ ነው። በዚህ አዳራሽ ስለ ቀረርቶና ፉከራ፣ ስለ ሙሾ፣ ስለ ተረትና ምሳሌ ብዙ ተብሏል፤ ሊባልም ይገባል። ነገር ግን በሀገራችን በየዕለቱ ከአፍ ወደ ጆሮ ከሚተላለፈው ቃላዊ ዕውቀት ምናልባት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የምግብ አሠራር ሆኖ ሳለ፣ በሥነ ቃል ትምህርታችን ውስጥ ያለው ስፍራ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ምክንያቱን ለመገመት አያዳግትም፤ ማድ ቤት ውስጥ የሚነገር ቃል ነው፣ ተናጋሪዎቹም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

ዛሬ የማተኩረው ይህ ዕውቀት ከማድ ቤት ወጥቶ በእጅ ስልክ መጓዝ ከጀመረ ወዲህ በደረሰበት ነገር ላይ ነው። ማስረጃዬ በመጠይቅና በናሙና የተሰበሰበ አይደለም። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብረን የተማርን 9 ጓደኛሞች አለን፤ ዛሬ ሦስታችን አዲስ አበባ፣ አንዷ ባሕር ዳር፣ ሁለቱ ዋሽንግተን አካባቢ፣ የቀሩት በስቶክሆልም፣ በዱባይና በቤይሩት እንኖራለን። ለዓመታት በስልክ ከተጻጻፍነውና ከተነጋገርነው ውስጥ ስለ ምግብ የተባባልነውን፣ በሁሉም ፈቃድ፣ ስማቸውን ሳልጠራ እጠቅሳለሁ። እኔም ከዘጠኙ አንዷ ስለሆንሁ ከዳር ቆሞ እንደሚመለከት ተመራማሪ አትቁጠሩኝ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። በእንግሊዝኛ የምግብ አሠራር መግለጫ የሚጠራበት ስም ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ በመነሻው «ውሰድ» የሚል ትእዛዝ ነበር፤ ሐኪሞች በመድኃኒት ማዘዣ ራስጌ ላይ ይጽፉት ነበር። ሱዛን ሊዮናርዲ የተባለች የሥነ ጽሑፍ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመችው ጽሑፍ ከዚሁ ሥርወ ቃል ተነሥታ፣ የምግብ አሠራር በባሕርዩ ልውውጥ እንደሆነ፣ ሰጪና ተቀባይ እንዲሁም የሚነገርበት ምክንያት እንደሚያሻው ተከራክራለች። በአማርኛ ይህን የሚተካ አንድ ቁርጥ ያለ ስም የለንም። መጻሕፍትና ቴሌቪዥን «የምግብ አዘገጃጀት» ይላሉ፤ በቤት «አሠራሩን ንገሪኝ» እንላለን፤ ከሁሉ የሚልቀው ቃል ግን «ሙያ» ነው። ሙያ ደግሞ ከባለቤቱ የሚነጠል ወረቀት አይደለም። «ሙያ አላት» ይባላል እንጂ «ሙያዋን ላኪልኝ» አይባልም። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የማይላከው ሲላክ ምን ይሆናል?

አማርኛ የምግብ አሠራር ጸሐፊን ገና ከመጀመሪያው ግስ ላይ ያስጨንቀዋል። በእንግሊዝኛ «ሽንኩርቱን ክተፍ» የሚለው ትእዛዝ ለወንድም ለሴትም፣ ለአንዱም ለብዙውም፣ ለታናሽም ለታላቅም አንድ ነው። እኔ ግን «ክተፊ» ስል ምድጃው ፊት ሴት አቁሜአለሁ፤ «ክተፍ» ስል ወንድ፤ «ክተፉ» ስል ብዙ ሰው፤ «ይክተፉ» ስል እርስዎ የምለውን ሰው። የታተሙ መጻሕፍት ከዚህ ጭንቀት የሚወጡበትን መንገድ ታውቁታላችሁ፦ «ሽንኩርቱ ይከተፋል፤ በደረቁ ይቁላላል፤ በርበሬ ይጨመርበታል።» በዚህ አነጋገር ውስጥ የሚከትፍ ሰው የለም። ማንም ዓይኑ ሳያለቅስ የተከተፈ ሽንኩርት ነው።

ጓደኛሞች እንዲህ አይነጋገሩም። የባሕር ዳሯ ጓደኛችን ለስቶክሆልሟ የላከችውን ድምፅ ቃል በቃል ልጥቀስ፦ «ሽንኩርቱን በደንብ ታቁላዪዋለሽ። እንዳያርርብሽ ውሃ ጠብ እያደረግሽ። ወርቅማ ሲሆንልሽ በርበሬውን ትጨምሪና ከእሱ ጋር ትታገያለሽ፤ አትቸኩዪ።» እዚህ ላይ የሥነ ልሳን ተማሪዎች ሁለት ነገር እንዲያስተውሉ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ግሱ ትእዛዝ እንኳ አይደለም። «አቁላዪ» አላለችም፤ «ታቁላዪዋለሽ» አለች። ጓደኛዋ ወደፊት የምትሠራውን አስቀድማ እያየች የምትተርክላት ያህል ነው። ሁለተኛ፣ «እንዳያርርብሽ» ላይ ያለችው «ብ» እና «ሲሆንልሽ» ላይ ያለችው «ል» ናቸው። መጽሐፉ «እንዳያርር» ብሎ ያልፋል፤ ቢያር ማን እንደሚጎዳ አይነግረንም። ጓደኛዋ ግን ጥፋቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ፣ ቢሳካም ለማን እንደሚሳካ በአንዲት ፊደል ታስገባለች። እነዚህ ሁለት ምዕላዶች ከአማርኛ የምግብ አሠራር ሲወጡ የሚጠፋው ጌጥ አይደለም፤ ይህ ሁሉ ለማን ሲባል እንደሚሠራ የሚናገረው ክፍል ነው።

የጾታውም ነገር ተራ አይደለም። የዱባይዋ ጓደኛችን ወንድም እዚያው አገር ከሌሎች ወንዶች ጋር ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ለእኅቱ የተላከውን የዶሮ ወጥ ድምፅ ተቀብሎ ለፋሲካ ሠራና «አንቺ እየተባልሁ ዶሮ ሠራሁ፤ ደግሞ ወጣልኝ» ብሎ ጻፈ። በኋላ እናቱ ለእርሱ ብቻ ሌላ ድምፅ ቀዳችለት። 12ቱን ብልት እንዴት እንደሚያወጣ ስትነግረው «ታወጫለሽ» ከአፏ እየቀደመባት ሦስት ጊዜ ታርማለች፤ በአራተኛው እየሳቀች «ታወጣለህ» ትላለች። ያቺ ሴት በዕድሜዋ ሙሉ ይህን ግስ ለወንድ ልጅ አርብታው አታውቅም ነበር። ቋንቋው ቅርጹን ይዞ ቆይቶአል፤ የሚናገረው ግን አልነበረም። በእኔ ግምት ስለ ስደት የጻፍናቸው ብዙ ገጾች ያላሳዩንን ነገር ይህች እርማት ታሳያለች።

ስለ ድምፅ መልእክት ጥቂት ልበል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ስልኮች ሁሉ በፊደላችን ማጻፍ እስኪጀምሩ ግን ብዙ ጊዜ ወስዷል። በእነዚያ ዓመታት በላቲን ፊደል እየተጻጻፍን «ጠ»ንና «ተ»ን፣ «ቀ»ንና «ከ»ን በአንድ ምልክት እናጭቅ ነበር፤ አንባቢዋም የቅመሙን ስም በግምት ትሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ሲጀምር፣ በኋላም ወደ ቴሌግራም ስንሻገር፣ ጽሕፈቱን ብዙዎቻችን ተውነው። አንድ ጊዜ የደረሰኝ መልእክት ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። በመካከሉ ንግግሩ ይቋረጥና ስልኩ ወደ ድስቱ ይጠጋል፦ «ይህን ድምፅ ስሚው። እንዲህ ሲል ነው በርበሬው የሚገባው።» ቁሌቱ ሲንተከተክ ይሰማል። ጽሑፍ «ለ40 ደቂቃ» ይል ነበር፤ እርሷ ጆሮዬን አበደረችኝ።

ጃክ ጉዲ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የምግብ አሠራር ሲጻፍ የሚያስፈልጉት ነገሮች ዝርዝር ከሥራው ቅደም ተከተል እንደሚለይ፣ ይህም ማነጻጸርንና መሞከርን እንደሚያመች አስረድቷል። ልክ ነው፤ የድምፁም ጉድለት እዚሁ ላይ ነው። በድምፁ ውስጥ ዝርዝር የለም፤ ነጭ ሽንኩርቱ የሚታወሰው ሰዓቱ ሲደርስ፣ አንዳንዴም ካለፈ በኋላ «ውይ፣ ሳልነግርሽ» ተብሎ ነው። ከዚህም በላይ ድምፅ አይፈለግም። የአምናው የፋሲካ መልእክት ከልደት ምኞትና ከለቅሶ ወሬ ጋር ተደባልቆ የት እንደገባ ለማግኘት አንድ ምሽት ሙሉ ያለፈባት ጓደኛ አለችን። ከዋሽንግተኖቹ አንዷ ሒሳብ ሠራተኛ ናትና ድምፁን ሁሉ እየሰማች በሰንጠረዥ ታሰፍራለች። ሰንጠረዡን ሁላችንም እናደንቃለን፤ ስንሠራ ግን ድምፁን እንከፍታለን።

ከመስፈሪያው ጋር ያላት ትግል በተለይ ያዝናናኛል። እፍኝ፣ ቆንጠር፣ ጭልፋ፣ ስኒ፣ «በዓይንሽ»። የአሜሪካኑ መስፈሪያ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ የኛ የቡና ስኒ ከግማሹም ያነሰ ነው፤ ስለዚህ «ሁለት ስኒ ዘይት» በትርጉም ሳይታሰብ ወደ ገንዳ ይለወጣል። ከሁሉ ያስቸገራት ግን «እስኪበቃው ድረስ» የሚለው ነው። በሰንጠረዡ ላይ ለእርሱ የሚሆን ዓምድ አላገኘችም። አስተውሉ፣ «እስኪበቃሽ» አይደለም፣ «እስኪበቃው» ነው። ወሳኙ ወጡ ነው። አብሳይዋ ጠያቂ ናት፤ ድስቱ ይመልሳል፤ መስፈሪያው በሁለቱ ንግግር መካከል የሚገኝ ነገር ነው።

ወደ ቦታ ልሻገር፤ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዱባይ ባሕር ዳርቻ ላይ ናትና በ100 ዲግሪ ይፈላል። የአዲስ አበባ እናት «አንድ ሰዓት ይቀቀላል» ያለችው ክክ ዱባይ ላይ በዚያው ሰዓት ሽሮ ይሆናል፤ ሆኖም ነበር። እናትየው አልተሳሳተችም፤ ልጅቱም አልተሳሳተችም። አሠራሩ ከተራራው ወርዶ ነው። የምግብ አሠራር ሲነገር ከፍታው፣ የአየሩ ሙቀት፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ የውሃው ጠባይ አይነገሩም፤ ሰጪና ተቀባይ በአንድ መንደር ስለሚኖሩ መናገር አያስፈልግም ነበር።

እንጀራ ለዚህ የተሻለ ምሳሌ ይሆነናል። የስቶክሆልሟ ጓደኛችን በጥር ወር «ሊጡን ካቦካሁ ሦስት ቀን ሞላው፤ ምንም አላለም፤ ምን ላድርግ?» ብላ ጻፈች። ሦስት ቀን የተባለው የአዲስ አበባ ሦስት ቀን ነው። የመጣላት መልስ በጥያቄ የተሞላ ነበር። ላዩ ላይ ውሃ አቁሯል? ቀለሙ ምን ይመስላል? ሽታው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል ወይስ ዱቄት ዱቄት? ሊጡን ያስቀመጥሽው መስኮት ሥር ነው? እርሷም መለሰች። በመጨረሻ የተሰጣት ምክር «ምድጃውን ሳትለኩሺ፣ የውስጥ መብራቱን ብቻ አብርተሽ እዚያ አሳድሪው» የሚል ነበር። በማግሥቱ ቡፍ አለ። አብሲቱን ጥላ ጋገረች፤ ዓይን ያወጣ እንጀራ ፎቶግራፍ ደረሰን። እንግዲህ የምግብ አሠራሩ የቱ ነው? «ሦስት ቀን» የሚለው ነው ወይስ አራቱ ጥያቄዎች? እኔ ጥያቄዎቹ ናቸው እላለሁ። በየገጹና በየቪድዮው የሚገኘው አሠራር መልሱን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ጥያቄውን የሚጠይቅ ወዳጅ ነው።

ከዚህ በፊት የሄዱት ደግሞ ጤፉን ራሱን አያገኙም ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ የገቡ ኢትዮጵያውያን ማቡኪያ የተቀላቀለበትን የስንዴ ዱቄት ጋዝ ባለው ውሃ እየበጠበጡ እንጀራ የሚመስል ነገር መጋገር ለመዱ፤ ያ አሠራር ከሰው ወደ ሰው በመደበኛ ስልክና በደብዳቤ ተሠራጨ። ኋላ በአይዳሆ ጤፍ ተዘራ። ከሀገር ቤት ደግሞ የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ እ.ኤ.አ. በ2006 ተከልክሎ፣ በ2015 ክልከላው በከፊል ላላ። አንዲት ሴት ማድ ቤቷ ውስጥ «ገብስ ልጨምርበት ወይስ ሩዝ?» ብላ ስትጠይቅ ከጥያቄዋ ጀርባ የንግድ ፖሊሲ አለ።

በስልክ የማይላክ አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ እርሾ። እርሾ ማለት ሊጡ ሲቦካ ላዩ ላይ የሚያቁረው ፈሳሽ ነው፤ ሕይወት ያላቸው ባክቴሪያዎችና ረቂቅ ፈንገሶች የሚኖሩበት። ያልቃል፣ ይበላሻል፣ ያኔ ከጎረቤት ይለመናል። «እርሾ አለሽ?» ብሎ በር ማንኳኳት የአንድ ሰፈር ሴቶች ከሚተዋወቁባቸው መንገዶች አንዱ ነበር። ስቶክሆልም ያለችው ጓደኛችን 8 አማካሪዎች በኪሷ ይዛ እርሾ የሚሰጣት አንድም ሰው አልነበራትም። በመጨረሻ በአንድ የኤርትራውያን ሱቅ ያገኘቻቸው ሴት ከቤታቸው በማርማላታ ጠርሙስ አመጡላት። ከዚያ ወዲህ «እትዬ» እያለች ትጠራቸዋለች፤ እኛም በሌለንበት እኅት ሆነውላታል። ወዳጅነት በስልክ ይበቃል የሚሉትን ስሰማ ይህ ጠርሙስ ትዝ ይለኛል።

አሁን፣ ሺህ ቪድዮ ባለበት ዘመን ሰው ለምን ጓደኛውን ይጠይቃል? መልሱ አጭር ነው፤ ከእጇ በልቷል። «እጇ ይጣፍጣል» የሚባለው ከጉርሻ በኋላ ነው። በቪድዮው ላይ የምትታየው ሴት ወጥ ያምራል እንጂ አልቀመስሁትም። ጓደኛዬ ደግሞ ምድጃዬን ታውቃለች፣ የወር ደሞዜ የት ላይ እንደሚያልቅ ታውቃለች፣ ልጄ ሚጥሚጣ እንደማይችል ታውቃለች። «ቅቤው ውድ ነው፣ ለአሁኑ በዘይት አድርጊው፤ መከለሻውን ብቻ አትንፈጊው» የሚል ምክር ከማያውቀኝ ሰው አይመጣም።

በዚህ ረገድ «ሙያ በልብ ነው» የሚለው ተረት ማንሳት የግድ ይሆንብኛል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ለጀግና ነው፤ ሥራህን በተግባር አሳይ እንጂ አትለፍልፍ ለማለት። በማድ ቤት ግን ሌላ ትርጉም ይዞ ኖሯል፦ ምስጢርሽን አትስጪ። ሴት በሙያዋ በምትመዘንበት፣ የጋብቻዋም ዋጋ ከዶሮ ወጧ ጋር በሚያያዝበት ማኅበረሰብ፣ መከለሻዋን መደበቋ ንፍገት ብቻ አልነበረም፤ ያላት ሀብት ያ ነበርና። በኛ መካከልም አንዷ የእናቷን የበርበሬ ድልዝ አሠራር ለዓመታት «እናቴን ሳልጠይቅ» እያለች አቆየችን። እናቷ ካረፉ በኋላ በአርባቸው ሰሞን፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ በሌሊት ላከችው። በድምፅ አልነበረም፤ በጽሑፍ፣ እናቷ በተናገሩበት ቃል ከነ«ልጄ»ው። ማናችንም ስለ በርበሬው አስተያየት አልሰጠንም። የሰጠችን ሌላ ነገር ነበር።

የቤይሩቷ ጓደኛችን በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ስልኳን የምትይዝበት ሰዓት በአሠሪዎቿ ፈቃድ የተወሰነ ነው። መልእክቷ በሌሊት፣ በሹክሹክታ ይመጣል። እኛ ስለ ሀገር ቤት ምግብ ስንነግራት እርሷ የሊባኖስን ታስተምረናለች። ሙጀደራ የሚሉትን፣ ከምስርና ከሩዝ የሚሠራውን፣ በሁዳዴ የላከችልን እርሷ ናት፤ ሥጋም ቅቤም የለበትም፣ ለጾም የተፈጠረ ይመስላል። «ሽንኩርቱን በብዙ ዘይት እስኪጠቁር ጥበሺው» ስትል መስመሩ በተቃውሞ ተሞላ፤ «አረረ እኮ!» የኛ ሽንኩርት በደረቁ፣ በትዕግሥት ይቁላላል፤ የነርሱ በዘይት ይጠቁራል። ዛሬ ከዘጠኛችን አምስታችን ቤት በጾም ሙጀደራ ይሠራል። ስለ ገልፍ አገሮችና ስለ ሊባኖስ የቤት ሠራተኞች ሲጻፍ የሚነገረው የደረሰባቸው በደል ነው፤ መነገርም አለበት። ነገር ግን እነዚህ ሴቶች ለዓመታት የሰው ማድ ቤት ይዘው የቀሰሙት ሙያ ወደ ሀገር ሲገባ እንደ ዕውቀት ሲቆጠር አላየሁም። አንዲት ሴት የሁለት አገር ማድ ቤት በእጇ ይዛ ተመልሳ፣ የሥራ ልምድ በሚለው ክፍት ቦታ ላይ «የለም» ብላ ትሞላለች።

መልእክቱ ከወዳጆች ክበብ ሲወጣ ሌላ ጉዳይ ይነሣል። ከአዲስ አበባዎቹ አንዷ ለኛ የላከችው የመከለሻ ቅመም ልክ፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱ ከነመጠኑ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ብዙ ሺህ ሰው በሚከታተለው መስመር ላይ ስሟ ተነሥቶ፣ የሌላ ሰው ስም ተተክቶበት ወጣ። ከሥሩ የታሸገ መከለሻ ዋጋ ተጽፎበታል። ሕግ ምን ይላል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን፣ አሠራርን፣ ሥርዓትን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የተገለጸበትን ቅርጽ ነው። የቅመሙ ልክ ስለዚህ የማንም ነው፤ የእርሷ ቃልና ድምፅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሕጉ የተሳሳተ አይመስለኝም። የአንድ ወጥ አሠራር በሕግ የአንድ ሰው ቢሆን ኖሮ ማናችንም አንበላም ነበር። ጓደኛችን የተቆጣችውም በገንዘቡ አይደለም። «እነማን እንዳስተማሩኝ ጠርቼ ነበር፤ እነርሱንም አብሮ ሰረዛቸው» ነው ያለችው። የአያቷን ስም ማለቷ ነው።

ተመሳሳይ ነገር በሰፊው ሲሆን ምን እንደሚመስል አይተናል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄትና ከእርሱ በሚሠሩ ምርቶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አግኝቶ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 መጨረሻ ላይ ፓተንቱ በኔዘርላንድ ዋጋ እንደሌለው ወሰነ፤ የፈጠራ ደረጃ የለውም ሲል። ከ10 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። በሀገራችን የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ። በማኅበረሰቦች መካከል በልማድ የሚደረገውን ልውውጥ አይከለክልም፤ ማለትም «እርሾ አለሽ?» የምትለዋን ጎረቤት ነጻ ይተዋታል። አዋጁ ሲወጣ ግን ጎረቤቶች በአምስት አገር ተበትነው ይነጋገራሉ ብሎ ማን አሰበ? የሕግ ፋኩልታ ባልደረቦች እዚህ ካላችሁ ይህን ጥያቄ ለእናንተ አስረክባለሁ።

አንድ ነገር በችኮላ ልጨምር። አርጁን አፓዱራይ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ሕንድ ባሳተመው ጽሑፍ፣ መካከለኛ ገቢ ያላቸው የከተማ ሴቶች የተለያዩ ክልሎችን የምግብ አሠራር እየተቀያየሩና እያሳተሙ «የሕንድ ምግብ» የሚባለውን እንደፈጠሩ አሳይቷል። በኛም መስመር ላይ የወለጋው አንጮቴ፣ የአጋሜው ጥሕሎ፣ የጉራጌው ክትፎ «የሀበሻ ምግብ» በሚል አንድ ስም ሥር ይሰለፋሉ። በአንድ በኩል ደስ ይላል፤ እናቴ አንጮቴ ሳታይ አረፈች፣ እኔ ግን ሠርቻለሁ። በሌላ በኩል በሦስተኛው ማስተላለፍ ላይ ወለጋ የሚለው ቃል ይወድቃል። ተቀባይ ሲጨምር መጀመሪያ የሚረግፈው የቦታ ስም ነው፤ ቀጥሎ የሰው።

ለተማሪዎች አንድ የሥራ ሐሳብ አለኝ፤ በዚሁ አበቃለሁ። በሚቀጥለው የትምህርት ወቅት የሥነ ቃል መስክ ሥራ የምትወስዱ ሁሉ፣ ከቤታችሁ አንድ የምግብ አሠራር በድምፅ ቅዱ። «አሠራሩን ንገሩኝ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ እየሠሩ ሳለ አጠገባቸው ቆሙ፣ ሽንኩርትም ላጡ። ከማን እንደተማሩት፣ በየት አገር፣ በምን እንጨት እንደሚሠሩት ጠይቁ። ሰዓት አትጻፉላቸው፤ ወጡ ምን ሲል፣ ምን ሲሸት፣ ምን ሲመስል ቀጣዩ እንደሚገባ ጻፉ። ለማን እንደሚያስተላልፉት የመወሰን መብት የባለቤቶቹ ነው፤ ፈቃዱን በጽሑፍ ሳይሆን በራሳቸው ድምፅ፣ በዚያው ቅጂ መጨረሻ ላይ ተቀበሉ፤ ከልክለው ከሆነም ክልከላውን አስቀምጡት። ወንዶች ተማሪዎች ደግሞ እናቶቻችሁ በየትኛው ግስ እንደሚነግሯችሁ ልብ ብላችሁ መዝግቡ፤ እኔ በጉጉት እጠብቃለሁ።

ጥያቄ ላላችሁ ጊዜ አለን፤ ከወደ ኋላ እጅ አያለሁ።